ቀዝቃዛው ሃይፖ

ፎቶ አንሺው ሀብተ ማርያም በገዛ ጨለማ ክፍሉ ተገድሎ የተገኘ ዕለት፣ አለቃዬ መቶ አለቃ ሙለታ መጀመሪያ ያየው ሬሳውን አይደለም። የገዛ ሚስቱን ፎቶ ነው።

ፎቶ ቤቱ ከልደታ ወደ ጌጃ ሰፈር በሚያስገባው መንገድ ዳር፣ ከፖሊስ ጣቢያችን ጥግ ነበር። በዚያ በደርግ ጊዜ እንደነበሩት ፎቶ ቤቶች ሁሉ ከፊቱ የመስታወት ማሳያ ነበረው፤ የሰፈሩ ቆንጆዎች እዚያ ውስጥ ተደርድረው ለአላፊ አግዳሚው ይስቃሉ። ያ ማሳያ ስንት ትዳር እንዳናጋ እኛ ፖሊሶቹ እናውቃለን። «ሚስቴን አውርድልኝ» እያለ የሚመጣው ባል ብዙ ነበር። ሀብተ ማርያም ላጤ ነው፣ ጨዋታ አዋቂ ነው፣ የተኮሳተረች ሴት እንኳ ፊቱ ስትቀመጥ ጥርሷን ያስገልጣታል። ባሎች በዓይናቸው ሊያዩት አይወዱም።

የዚያን ዕለት ማሳያው ደቅቆ ስብርባሪው መንገድ ላይ ተበትኖ ነበር። መቶ አለቃ ሙለታ ጎንበስ አለና ከመስታወቱ መሃል አንድ ፎቶ አነሳ። ሶፊያ ናት፣ ሚስቱ። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ እኔ ለበዓል ቤታቸው ስሄድ እንኳ አይቼባት የማላውቀውን ሳቅ ትስቃለች። የሰውዬው ጆሮ ቀላ። ፎቶውን ኪሱ ከተተ።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ እሱ እኮ ማስረጃ ነው» አልኩ።

«አንቺ ሥራሽን ሥሪ፣ ማናለብሽ!»

እኔ የአሥር አለቃ ማናለብሽ ነኝ። ሥራዬ ሴት ተጠርጣሪ መፈተሽ፣ የምስክር ቃል መጻፍና «ሻይ አፍይ» ሲሉኝ አለመስማት ነው። ምላሷ ረዥም ነው ይሉኛል፤ ይበሉ።

ሬሳውን ያገኘችው ወይንሀረግ ናት፣ የፎቶ ቤቱ ቀለም ቀቢ። ያን ጊዜ ፎቶ ጥቁርና ነጭ ስለነበር ጉንጭና ከንፈር በብሩሽ የሚቀባ ሰው ያስፈልግ ነበር። ከምሳ ተመልሳ የጨለማ ክፍሉን በር ስትገፋ አለቃዋን መሬት ላይ አየችው። ጩኸቷ ጣቢያችን ድረስ ስለተሰማ ወዲያው ደረስን።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ሀብተ ማርያም በጎኑ ወድቋል፤ ጭንቅላቱ የተመታበት የካሜራ ማቆሚያ ብረት አጠገቡ ተጥሏል። ወለሉ እርጥብ ነው፤ ልብሱም ከሥሩ በስብሷል። አንገቱን ዳሰስኩት፣ አልቆለታል። እጄን ደም ስለነካኝ ጠረጴዛው ላይ ካሉት ትሪዎች አንዱ ውስጥ ውሃ ያለ መሰለኝና ጣቶቼን ነከርኩ።

እንዴ! አጥንቴ ድረስ ዘለቀኝ። ከትሪው ሥር ደግሞ እንደ ስኳር ያለ ነገር ጣቴን ሻከረኝ።

«ምንድነው ይሄ፣ በረዶ ነው እንዴ?»

«ሃይፖ ነው» አለች ወይንሀረግ በሩ ላይ ሆና እያለቀሰች። «ፎቶ የምንነክርበት መድኃኒት።»

እጄን በቀሚሴ ጠረግኩና ረሳሁት።

ማሳያውን ማን እንደሰበረው ለማወቅ ምርመራ አላስፈለገም፤ ሰፈርተኛው ሁሉ አይቷል። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ጎማ የሚጠግነው ደገፋ ከምሳ በፊት መጥቶ መስታወቱን በጎማ መፍቻ አድቅቆ፣ «ዛሬ ከሁለት አንዳችን አናድርም!» ብሎ ፎክሮ ሄዷል። ከሰዓት በኋላ ከነመፍቻው ይዘን አመጣነው።

«ለምን ሰበርክ?» አለው ሙለታ።

«ጓደኞቼ ሳቁብኝ። ሚስትህ ለመንገደኛው ሁሉ እየሳቀች ነው አሉኝ። ለመታወቂያ ተነሺ ብዬ የላክኋት እኔ ነኝ። ለመታወቂያ!»

«ከዚያ የት ሄድክ?»

«ልደታ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ።»

«ማን አየህ?»

«ማንም። ሰው እንዳያየኝ እኮ ነው የሄድኩት።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አልቅሼ ነበር።»

«ገድለኸዋል።»

«አልገደልኩም ጌታዬ!»

«እኔ ብሆን እገድለው ነበር» አለ ሙለታ ጠረጴዛውን መትቶ። «አንተ የማትገድለው ለምንድነው?»

ምርመራ ማለት እንግዲህ ይኼ ነው! ሰውዬው የራሱን ሆድ መርምሮ ደገፋ ላይ ፈረደ። ፋይሉ በማግሥቱ ከሰዓት ወደ ላይ እንዲላክ አዘዘ። በዚያ ዘመን ፋይል ወደ ላይ ሄደ ማለት ሰውዬውም ሄደ ማለት ነው፤ የሄደበትን ጠይቆ መልስ ያገኘ ብዙ ዘመድ አላውቅም።

እንዳለች የምትባለው የደገፋ ሚስት የጣቢያው በር ላይ ተቀምጣለች። ሆዷ ገፍቷል፤ ወሯ ነው።

«ሳቂ አለኝ፣ ሳቅኩ» አለችኝ። «እህቴ፣ ሳቅ ሰው ያስገድላል እንዴ?»

ምን ልበላት? «ተነሺ ከቅዝቃዜው» አልኳትና ወንበር አወጣሁላት።

ለደንቡ ያህል የፎቶ ቤቱን ሌላ ሠራተኛም ጠየቅነው። ኃይለመለኮት ይባላል፤ ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ፎቶ የሚያጥበው እሱ ነው። ቀጭን፣ ጸጥተኛ፣ ጣቶቹ በመድኃኒት የበለዙ፣ ዓይኑን ከመሬት የማያነሳ ሰው ነው። ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል።

«ጠዋት ሃይፖውን አሟሙቼ ትሪው ላይ ሞላሁ» አለ። «ስኳር ገብቷል ሲባል ወደ ቀበሌያችን ሕብረት ሱቅ ሄድኩ። ጋሼ ሞቱ እስኪባል ድረስ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። እማማ ኮከቤን ጠይቁ፣ ከኋላዬ ነበሩ።»

እማማ ኮከቤን ጠየቅን። «ማርያምን! ከፊቴ ነበር» ብለው ማሉ። አሮጊት ምለው ሲነግሩህ ምን ትላለህ? ኃይለመለኮትን አሰናበትነው።

በማግሥቱ ጠዋት ወይንሀረግ ቃሏን ልትፈርም መጣች። ብርድ ነበርና እጄን እያሻሸሁ፣ «የትናንቱ መድኃኒታችሁ እኮ ጣቴን ሊቆርጠው ነበር» አልኳት።

«ሃይፖ እንደዚያ ነው። ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ውሃውን በረዶ ያደርገዋል።»

«ሲሟሟ? የሚሟሟ ነገር የሚያሞቅ ነው የሚመስለኝ። ሳሙና የጠፋ ጊዜ ቤቴ በኮስቲክ ሶዳ ስሠራ ባልዲው እጄን ሊያቃጥለኝ ነበር።»

«ኮስቲክ ያሞቃል፤ ሃይፖ ግን የውሃውን ሙቀት እየወሰደ ነው የሚሟሟው። ለዚህ ነው ውሃ አፍልተን የምናሟሟው። በቀዝቃዛ ከሆነ ውሃው ይብስ ይቀዘቅዝና ግማሹ ሳይሟሟ ከሥር ይቀራል።»

ብዕሬን አስቀመጥኩ። «እንደዚያ ቀዝቅዞ እስከ መቼ ይቆያል?»

«ብዙ አይቆይም። እንደማንኛውም ውሃ የክፍሉን ሙቀት ይይዛል።»

«ለመሆኑ ምን ይሠራል?»

ወይንሀረግ አፍንጫዋን ጠረገች። «ፎቶው በመጀመሪያው መድኃኒት ውስጥ ቀስ እያለ ይወጣል። እንደወጣ ሃይፖ ውስጥ ካልገባ ግን መብራት ሲነካው ይጠቁራል። ወረቀቱ ላይ ብርሃን ያላገኘው ብር ይቀራል፤ ሃይፖ ያንን አሟሙቶ ያወጣዋል።»

«ትናንት ማንን ነበር የሚያወጡት?»

«እኔን» አለች አፍራ። «ጠዋት ጋሼ አነሱኝ፣ ኃይለመለኮት መብራት ያዘ። ለማሳያው ትሆኛለሽ አሉኝ። ኔጋቲቩ አሁንም ማሽኑ ላይ ነው። ፎቶው ግን የለም፣ ብፈልገው አጣሁት።»

ይህንንም ቃሏ ላይ ጨምሬ አስፈርሜ ሸኘኋት። ከዚያ ፎቶ ቤቱ ሄጄ አንድ እፍኝ ሃይፖ በወረቀት ጠቅልዬ መጣሁ። ፍርፋሪው ለዓይን ስኳር ነው። በብርጭቆ የቧንቧ ውሃ ሞላሁ፣ ሃይፖውን ጨመርኩ፣ በእርሳስ አማሰልኩና ይዤ ሙለታ ቢሮ ገባሁ።

«ይያዙልኝ እስቲ።»

ያዘው። «ኧረ! ምን ጉድ ነው?»

«ይቀመጥ እዚሁ» ብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

የምሳ ሰዓት ሲደርስ ሶፊያ ምግብ ይዛ መጣች፤ ሁልጊዜ እሷ ናት የምታመጣለት። ሰሃኑን ልታስቀምጥ ስትል ፎቶዋን መዝገቦቹ መሃል አየችው።

«አወረድከኝ?»

«ማነው ሳቂ ያለሽ?» አለ ሙለታ። እኔ ግድግዳውን አየሁ።

«ማንም ሳቂ አላለኝም። አንቺ እኮ ስትስቂ ታምሪያለሽ ነው ያለኝ። ያን ጊዜ ሳቄ መጣ። አንተ መቼ ብለኸኝ ታውቃለህ?» ሰሃኑን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች።

ሙለታ ምግቡን አልነካም። እኔም ጊዜዬ ስለሆነ ብርጭቆውን መልሼ እጁ ላይ አስያዝኩት።

«አሁንስ?»

«እንደማንኛውም ውሃ ነው። ሞቋል።»

«ኃይለመለኮት ጠዋት አሟሟሁ ነው ያለን። እኔ ከምሳ በኋላ እጄን ስነክረው ግን በረዶ ነበር፤ ከሥሩም ያልሟሟ አለ። ወለሉስ ለምን ረጠበ? የጠዋቱ ሃይፖ ሲታገሉ ተደፍቷል፤ ሟቹም የወደቀው ፈሳሹ ላይ ነው። ትሪው ግን እኛ ስንገባ ሙሉ ነው። ስለዚህ ገዳዩ ሬሳው እግሩ ሥር ተጋድሞ እያለ አዲስ ሃይፖ አሟሙቷል። ውሃ ለማፍላት ጊዜ አልነበረውም፣ ከቧንቧ ቀዳ። ደገፋ ሃይፖን ከስኳር የሚለይ ይመስልዎታል?»

«ሰው ገድሎ ለምን ሃይፖ ያሟሟል?»

«እሱን አላውቅም» አልኩ፤ የእውነቴን ነው።

ሙለታ የሶፊያን ፎቶ አገላብጦ አገላብጦ ሲያየው ቆየ። ቀና ሲል ፊቱ ሌላ ሆኗል።

«ፎቶዋን ለማዳን ነው» አለ። «ቀለም ቀቢዋ ቃሏ ላይ ጠፋብኝ ያለችውን። ማናለብሽ፣ እማማ ኮከቤ ጋ እንሂድ።»

እማማ ኮከቤ በራቸው ላይ ሽሮ እየነፉ ነበር።

«ነግሬያችሁ የለም እንዴ? ማርያምን፣ ከፊቴ ነበር።»

«እሱ ራሱ፣ እማማ?» አልኳቸው።

«ዘንቢሉ።»

«ሰውዬውስ?»

«ሰውዬው ዞር ይላል፣ ይመለሳል። ሰው ቀኑን ሙሉ እንዴት ይቆማል፣ ልጄ? ለእኔም ድንጋይ ነው የተሰለፈልኝ። እኔ ቤቴ ወጥ እሠራ ነበር።»

«ታዲያ ትናንት ምለው አየሁት አሉን እኮ!»

«ዘንቢሉ ካለ እሱ አለ ማለት ነው!» ተቆጡኝ። «ወረፋውን ልክደው ነው እንዴ? ግፍ አይሆንብኝም?»

እውነታቸውን ነው። በዚያ ዘመን ለስኳር የተሰለፈ ዘንቢል ሰው ነበር፤ ድንጋይም ሰው ነበር። ያንን ወረፋ የካደ ሰው ደግሞ ሰፈር ውስጥ ዓይኑን አያዩትም። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ለጎረቤቴ ድንጋይ «አለች፣ አሁን እዚህ ነበረች» ብዬ መስክሬያለሁ። ሙለታ መንገዱን ሙሉ ከራሱ ጋር ሲነጫነጭ መጣ፤ እኔ ግን ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ኃይለመለኮትን አስመጣነው። አሁንም ጃኬቱ እስከ አንገቱ ተቆልፏል። ሌላ ብርጭቆ ላይ ውሃ ቀድቼ ፊቱ ሃይፖ አሟሟሁና እጁ ላይ አስያዝኩት።

«ምን ይሰማሃል?»

«ይቀዘቅዛል።»

«የጠዋት ሃይፖ ከሰዓት ይቀዘቅዛል?»

ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

«ትናንት እጄን ትሪህ ውስጥ ነክሬ ነበር፣ ኃይለመለኮት። ደርቄ ልቀር ምንም አልቀረኝም።»

ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሙለታ ተነስቶ አጠገቡ ሄደ። ይጮህበታል ብዬ ስጠብቅ ቀስ ብሎ ነው የተናገረው።

«ፎቶዋ የት ነው ያለው?»

ኃይለመለኮት የጃኬቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታ። ከሸሚዙ ውስጥ፣ ከደረቱ ላይ በንጹሕ ወረቀት የተጠቀለለ ፎቶ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ወይንሀረግ ናት፣ ትልቅ ሆና፣ ትስቃለች። አቤት ሳቅ!

«ለማሳያው ነው አለኝ» አለ ኃይለመለኮት። «አንድ ግቢ ስንሠራ እኔ ቀና ብዬ አይቻት አላውቅም። እሱ ለጎማ ጠጋኙም ለወታደሩም ሊሰቅላት። መብራቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ለእሱ ስትስቅለት ቆሜ አየሁ።»

«ሰልፉንስ?»

«ዘንቢሌን አኑሬ ተመለስኩ። አትስቀላት ብዬ ልለምነው ነበር። ቀይ አምፖሉን አብርቶ እያወጣት ነው። መጀመሪያ ዓይኗ ወጣ፣ ከዚያ ጥርሷ። 'አየህ እንዴት እንደሳቀችልኝ? አንተ እኮ መቶ ዓመት መብራት ብትይዝ አትስቅልህም' አለኝና ሳቀ። ብረቱን እንዳነሳሁ አላውቅም። ስንታገል ሃይፖው ተደፋ። እሱ ወደቀ። እሷ ግን መድኃኒቱ ውስጥ ናት፣ ሃይፖ የለም፣ በሩ ቢከፈት ትጠቁራለች። ፊቷ ሊጠቁር ነው። ምን ላድርግ?»

«ልትሸሽ ትችል ነበር» አልኩት።

«እሷን ትቼ?»

ሙለታ ራሱን ነቀነቀ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ለተጠርጣሪ ሲያዝን አይቼው አላውቅም። ቢሆንም ካቴናውን ራሱ አጠለቀለት።

ደገፋን ፈታነው። እንዳለች በሩ ላይ ከወንበሩ ተነስታ ጠበቀችው። እልል ትላለች፣ ታቅፈዋለች ብዬ ነበር። እሱ ግን ገና ሳይጠጋት፣ «ሳቂ ሲልሽ ለምን ሳቅሽለት?» አላት።

«ደገፋ!» ብሎ ጮኸ ሙለታ ከመስኮቱ። «ዝም ብለህ ሚስትህን ይዘህ ካልሄድክ መልሼ ነው የማስርህ!»

ሄዱ። ሙለታ የሶፊያን ፎቶ በፍሬም አስገብቶ ጠረጴዛው ላይ አቆማት፤ ወደ ራሱ አዙሮ ነው ታዲያ፣ ባለጉዳይ ጀርባዋን ብቻ እንዲያይ። ሰው እንዲህ በቀላሉ አይለወጥም።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ወይንሀረግ ጣቢያ መጣች። ኃይለመለኮት ተፈርዶበት ወኅኒ ከወረደ ቆይቷል።

«ፎቶዬን ልየው» አለችኝ።

ፖስታውን ከመዝገብ ቤት አወጣሁና ስከፍተው ደነገጥኩ። ፎቶው ቡና ደፍተውበት የደረቀ መስሏል። ነጠላዋ ጠፍቷል፣ አንገቷ ጠፍቷል፤ ከፊቷ የተረፉት ዓይኗና ጥርሷ ናቸው፤ እነሱም እየጠፉ ነው።

«ሃይፖው በደንብ ሳይሟሟ ነው የነከረው» አለች። «ውሃ ውስጥም አላጠበውም። እንዲህ ያለ ፎቶ ሲያወጡት ደህና ይመስላል፤ ሲውል ሲያድር ነው የሚበላሸው። እሱ ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር።» ጣቷን ፎቶው ላይ አሳረፈች። «እህቴ፣ ዓይኔን እይው። ወዴት ነው የማየው?»

አየሁት። ወደ ካሜራው አይደለም። ከካሜራው ትንሽ ወደ ጎን ነው የምታየው። ብርሃኑ ጉንጯ ላይ ያረፈው ከዚያው ወገን ነው።

«ማንን ነው የምታይው?» አልኳት፤ መልሱን ግን አውቄዋለሁ።

«መብራቱን የያዘው ሰውዬ ፊቱ ላብ በላብ ሆኖ፣ ላለማየት አንገቱን ሲያጣምም ሳቄ መጣ። ደስ አለኝ። ስንት ጊዜ ነው ቀና ብሎ እንዲያየኝ የጠበቅኩት! ጋሼማ የራሳቸው ጨዋታ አስቆኝ መስሏቸው፣ 'በቃ፣ እንደዚሁ!' አሉና አነሱኝ።»

ፎቶውን ትወስደዋለች ብዬ ነበር፤ ወደ ፖስታው መልሳ ሰጠችኝ።

«እንንገረው?» አልኳት።

«እኔ አልችልም» ብላ ወጣች።

ወደ ሙለታ ቢሮ ገብቼ የሰማሁትን ሁሉ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። የሶፊያን ፎቶ ትንሽ ወደ ራሱ አስጠጋ።

«እንንገረው ወይ?» አልኩ።

«ተይው» አለ። «ለሌላ ሳቀች ብዬ ቀንቼ ገደልኩ ብሎ ነው እዚያ የተቀመጠው። ያንን ከወሰድንበት ምን ይዞ ይቀመጣል?»